ስለ ሰማይ ተመልካቾች ማኅበርና ስለ መምህሩ ድርሻ

ለመምህራንና ለትምህርት ሹማምንት የተደረገ ንግግር



ከትምህርት ሰዓት ውጭ በየትምህርት ቤቱ ከሚቋቋሙት ማኅበራት መካከል ዛሬ የምናገረው ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ሰማይን የሚመለከቱ ሰዎች ማኅበር ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት፥ የስፖርቱና የቴአትሩ ማኅበር በቀላሉ ሲቋቋም፥ የከዋክብቱ ግን «መሣሪያው ከየት ይመጣል?» በሚል በአንድ ጥያቄ ሳይወለድ የሚቀር በመሆኑ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መልስ አለው።

በአገራችን ለዚህ ዕውቀት ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች ተሰብስበው፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበርን ባቋቋሙ ጊዜ፥ ይህ ለድኻ አገር ቅንጦት ነው ያላቸው አልጠፋም። እነርሱ ግን ሥራቸውን አልተዉም። ከጊዜ በኋላ በእንጦጦ ተራራ ላይ፥ ከባሕር ወለል 3200 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ስፍራ፥ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ። እንደዚሁም ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በየአገሩ ያለው ሕዝብ አንድ ኮከብና አንዲት ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ስለ ነበር፥ በ2012 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፥ በዙሪያው የምትዞረው ፕላኔትም «አቦል» ተብለው ተሰየሙ። የዚያ ኮከብ ብርሃን ወደ እኛ ለመድረስ 200 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ ያለ መሣሪያም አይታይም። ነገር ግን ከአቦል በኋላ ቶናና በረካ መኖሩን የማያውቅ የአገራችን ልጅ የለምና፥ ስሙን የሰማ ተማሪ «ሁለተኛይቱስ ፕላኔት ትገኝ ይሆን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ትምህርት የሚጀምረው እንዲህ ካለው ጥያቄ ነው።

ይሁን እንጂ ከማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተመርቆ ወደ ገጠር የሚሄደው ወጣት መምህር እንጦጦን ይዞ አይሄድም። ይዞ የሚሄደው ዓይኑንና ልምዱን ነው። ስለዚህ የማኅበራችን ሥራ የሚጀምረው ከአንድ ቀጥ ያለ በትር ነው። በትሩን በሜዳ ላይ ተክለን የቀትሩን ጥላ ርዝመትና አቅጣጫ በየሳምንቱ እንመዘግባለን። ለአውሮፓ ተማሪዎች የተጻፈ መጽሐፍ የቀትር ጥላ ዘወትር ወደ ሰሜን ይወድቃል ቢል፥ ለዚያ አገር እውነት ነው። በአዲስ አበባ ግን ፀሓይ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፥ በቀትር ልክ በአናታችን ላይ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ ጥላው ከበትሩ ሥር ይሰወራል። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ደግሞ የቀትሩ ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል። ይህን በገዛ እጁ ጽፎ ያረጋገጠ ሠልጣኝ፥ ማንኛውም መጽሐፍ ከተጻፈበት አገር ጋር መመዘን እንደሚገባው ከቶ አይረሳም።

የሕዝብ ምሽታችን ደግሞ ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ሰሞን ይደረጋል፤ በዚያን ጊዜ የተራሮቿ ጥላ ረዝሞ ስለሚወድቅ፥ በአነስተኛ ቴሌስኮፕ እንኳ ወጣ ገባው ጐልቶ ይታያል። ጁፒተር በምሽት በሚታይበት ወራት ጋሊሌዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸውን አራቱን ጨረቃዎች እናሳያለን። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአገር ሽማግሌዎች እንዲናገሩ እንጋብዛለን። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ አባት የጨረቃ ሠርቅ ከ19 ዓመት በኋላ ወደ ቀድሞው ቀኑ እንዴት እንደሚመለስ ይገልጻሉ፤ ሠልጣኙም ተከትሎ 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር የሚተካከል መሆኑን በሰሌዳ ላይ ያሰላል። የሙስሊሙ ኅብረተሰብ ሽማግሌም የረመዳንን ጨረቃ በምን ሰዓትና በየት አቅጣጫ እንደሚፈልጉ ያስረዳሉ፤ ሠልጣኙም አዲስ ጨረቃ ፀሓይ ከጠለቀች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ በምዕራብ የምትታይበትን ምክንያት ይጨምራል። ሕዝቡን «አታውቅም» ብሎ የሚጀምር መምህር ሰሚ አያገኝም፤ ከሚያውቀው ተነሥቶ የሚያስተምር ግን በሚቀጥለው ወር እጥፍ ሰው ያገኛል።

አሁን ሁላችንንም ወደሚያሳስበው ነገር እመለሳለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፥ በላሊበላና ጥላው ባለፈባቸው በሌሎችም ስፍራዎች፥ ፀሓይ በጨረቃ ተጋርዳ የእሳት ቀለበት መስላ ታየች። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኝ ምክንያት ተዘግተው ነበርና፥ ብዙ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ወደ ፀሓይ አንጋጠጡ። በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ ሲቃጠል ልጁን አያስጠነቅቀውም። በጥላሸት የጠቆረ መስተዋት፥ የራጅ ፊልምና ተራ የፀሓይ መነጽር ዓይንን አያድኑም። የሚያድነው ለዚሁ ተብሎ የተሠራና የተመረመረ መነጽር ወይም ቁጥር 14 የብየዳ መስተዋት ነው። ይህ ከሌለ ግን የእናቶቻችን ወንፊት ይበቃል፤ ልጁ ጀርባውን ለፀሓይ ሰጥቶ ወንፊቱን ከነጭ ወረቀት በላይ ቢይዝ፥ በየቀዳዳው የተጋረደችው ፀሓይ ምስል በወረቀቱ ላይ ይሣላል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ ግርዶሽ እንደሚሆን ተሰልቷል። ሙሉው ጥላ ግብፅን፥ ሳዑዲ ዓረቢያንና የመንን አቋርጦ የሶማሊያን ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ይነካል፤ በአገራችን የሚታየው በከፊል ነው። ወሩ ክረምት ስለ ሆነ ደመና ሊከለክለን ይችላል፤ ነገር ግን ደመናው በተገለጠበት መንደር ሁሉ ሕፃን አለ። መምህራን ለክረምት ትምህርት የሚሰበሰቡበት ወቅት በመሆኑም፥ ለሕፃናቱ የሚደርሰውን ምክር አስቀድሞ ለማሠልጠን የሚያመች ጊዜ ነው።

«ይህ ሁሉ ለፈተና ምን ይጠቅማል?» ለሚሉን ሹማምንት መልሴ አጭር ነው። የበትሩ ጥላ ማዕዘንን፥ ወንፊቱ የብርሃንን ቀጥታ ጉዞ፥ የጨረቃው መዝገብ ማካፈልን ያስተምራል፤ ሦስቱም በፈተና ወረቀት ላይ አሉ። ከዚህም ጋር ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፥ በወር አንድ ምሽት በመርሐ ግብር ላይ ይጻፍ፤ ያን ምሽትም የግቢው መብራት ይጥፋ። ሁለተኛ፥ የማኅበሩ መዝገብ መምህሩ ሲዛወር ከትምህርት ቤቱ ጋር ይቅር። ሦስተኛ፥ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ይጋበዙ፤ ይህ ካልሆነ የምሽቱ ትምህርት ለወንዶቹ ብቻ ይሆንና ሴቶች ልጆቻችን በቤት ይቀራሉ።

በብዙ ነገር የከተማው ትምህርት ቤት ከገጠሩ ይበልጣል፤ መጽሐፉም፥ ወንበሩም፥ መብራቱም አለው። ሰማይን በማየት ግን የሚበልጠው መብራት ያልደረሰበት ነው፤ ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር የሚታየው በዚያ ነውና። ወደዚያ የምንልከው መምህር ይህን ሀብት ማሳየት የሚችል ሆኖ እንዲሄድ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው።