በሙቀት ክፍል ውስጥ የወላጆች ስፍራ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



የመሐንዲሶች ማኅበር ስለ ድልድይና ስለ ግድብ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መሥመርና ስለ ውኃ ቧንቧ ሲወያይ የሚያስደንቀው ሰው የለም። ስለ አራስ እናትና ስለ ጨቅላ ሕፃን ሲወያይ ግን «ይህስ የሐኪሞች ጉዳይ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ የሚገኘው ግን በሆስፒታሉ የወለል ፕላን ላይ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚታከምበት ክፍል ሲነደፍ ለማሽኑ፣ ለኦክሲጅኑ፣ ለመድኃኒት ቁም ሣጥኑና ለነርሷ ጠረጴዛ ቦታ ይለካል። ለእናቲቱ የሚለካ ቦታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ይህን የሚወስነው ደግሞ ሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ ፕላኑን ያወጣው ሰው ጭምር ነው።

በመዝገብ ስሙ «የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል» የሚባለውን ሥፍራ ሕዝቡ በአጭሩ «ሙቀት ክፍል» ብሎታል። ከሁለቱ ስሞች ለነገሩ ይበልጥ የሚቀርበው የሕዝቡ ነው። ከመወለጃው ጊዜ ቀድሞ የመጣ ሕፃን የመጀመሪያ ችግሩ የሙቀት ሒሳብ ነውና። አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የገላው ስፋት ከዐዋቂ ሰው በእጅጉ ይበልጣል፤ ቆዳው ስስ ነው፤ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ጥቂት ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ ሙቀት ማመንጨት አይችልም። ስለዚህ በአራት መንገድ ይቀዘቅዛል፤ ይኸውም ከገላው በሚተነው እርጥበት፣ በሚነፍስበት አየር፣ በተኛበት ነገር ንክኪና ቀዝቃዛ ወደ ሆነው ግድግዳ በሚልከው ጨረራ ነው።

ለመሐንዲስ ጆሮ ሳቢ የሚሆነው የመጨረሻው ነው። በማሞቂያው ሣጥን፣ ማለትም በኢንኩቤተሩ ውስጥ ያለው አየር በልኩ ሞቆ፣ የሙቀት መለኪያውም ትክክለኛውን ቁጥር እያሳየ፣ ሕፃኑ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ሣጥኑ የተቀመጠበት ክፍል ከቀዘቀዘ የሣጥኑ ግድግዳ ይቀዘቅዛል፤ ሕፃኑም ሙቀቱን ለግድግዳው ያስረክባል። ባለ ሁለት ንብርብር ግድግዳ የሆኑት ሣጥኖች የተሠሩት ይህን ለመቀነስ ነው። በደጋ ከተማ ሌሊት ላይ መስኮቱ በማይገጥም ክፍል ውስጥ ውድ መሣሪያ ማስቀመጥ ምን ያህል ትርፍ እንዳለው ከዚህ መገመት ይቻላል። መብራት ሲቋረጥ የሚሆነው ደግሞ ማስረዳት አያሻውም።

መሣሪያው ራሱ የመጣው ከዶሮ እርባታ ነው። ስቴፋን ታርኒዬ የተባለው የፓሪስ የማዋለጃ ሐኪም በከተማው የእንስሳት ማሳያ ስፍራ የጫጩት ማስፈልፈያ አይቶ፣ ተመሳሳዩ ለሕፃናት እንዲሠራለት አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1881 ዓ.ም. በማዋለጃው ሆስፒታል ሥራ ላይ ዋለ። በሙቅ ውኃ የሚሞቅ፣ ከአንድ በላይ ሕፃናትን የሚይዝ ሣጥን ነበር። ከሁለት ኪሎ ግራም በታች ከሚወለዱት ውስጥ የሚሞቱት ከመቶ 66 የነበሩት ወደ 38 ዝቅ አሉ። እርሱን የተከተለው ፒየር ቡዳን ግን ሣጥኑ ያስከተለውን ሌላ ነገር አስተዋለ። ከልጆቻቸው የተለዩ እናቶች ቀስ በቀስ ከልጆቻቸው ጋር ያላቸው ትስስር ይላላል። ስለዚህ እናቶቹ መጥተው እንዲያጠቡ ይጠራቸው ነበር። ይህ አስተያየት እ.ኤ.አ. በ1900 ዓ.ም. በመጽሐፉ ታትሟል፤ ሆኖም ዓለም ሣጥኑን ተቀብሎ ምክሩን ተወው። በአሜሪካ ማርቲን ኩኒ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1943 ዓ.ም. በኮኒ አይላንድ መዝናኛ እነዚህን ሕፃናት በሣጥናቸው እንዳሉ ለተመልካች በመግቢያ ዋጋ ያሳይ ነበር፤ በገንዘቡም ያሳክማቸው ነበር። ወላጆቻቸውን አላስከፈለም፤ ብዙዎቹም ዳኑ። ነገሩ ለዛሬ ሰው ይከብዳል፤ ነገር ግን መንገደኛው በሃያ አምስት ሳንቲም ሕፃኑን ለማየት ሲገባ፣ በሌሎች ሆስፒታሎች እናት የልጇን ፊት በመስታወት አሻግራ ታይ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

እናትን የከለከለው ክፉ ልብ ሳይሆን የተላላፊ በሽታ ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱም በጊዜው ምክንያት ነበረው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ክፍል እናቶች እጃቸውን ታጥበው እንዲገቡና ልጆቻቸውን እንዲነኩ ተፈቅዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. ሲታተም፣ የተፈራው የበሽታ መስፋፋት አልታየም። ልማድ ግን ከማስረጃ ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው።

በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው ችግር ነው። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ በአንድ ትልቅ የእናቶችና ሕፃናት ተቋም የማሞቂያ ሣጥኑ ከሕፃናቱ ቁጥር አንሶ፣ ሁለትና ሦስት ሕፃናት በአንዱ ሲተኙ፣ አንዱ የአንዱን በሽታ ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ዶክተር ኤድጋር ሬይ፣ ከእርሳቸው በኋላም ዶክተር ሄክቶር ማርቲኔዝ፣ የጸኑትን ሕፃናት ከሣጥን አውጥተው በእናቶቻቸው ደረት ላይ በማስታቀፍ «የካንጋሮ እንክብካቤ» የተባለውን አስጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ደግሞ በኢስቶኒያ በታሊን ከተማ ዶክተር አዲክ ሌቪን ነርስ ቢያጥራቸው እናቶች ሌትና ቀን በክፍሉ ኖረው ልጆቻቸውን እንዲያስታምሙ አደረጉ። ሁለቱ አገሮች እርስ በርስ አልተማከሩም፤ ያስተማራቸው እጦት ነው።

በአገራችን ቋንቋ «ጠያቂ» እና «አስታማሚ» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጠያቂ ብርቱካን ይዞ መጥቶ፣ ጥቂት ተቀምጦ፣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ይሄዳል። አስታማሚ ያድራል፤ ያጥባል፤ ያጎርሳል። ሙቀት ክፍል ውስጥ ወላጅ ጠያቂ ሳይሆን አስታማሚ ነው።

ይህ በሥራ ሲተረጎም ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። በሰባተኛ ወሯ ድንገት የወለደች አንዲት እናት ትታሰብ። ገንፎው አልተገነፋም፤ እልልታው አልተሰማም፤ ዘመድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይበል ወይስ «አይዞሽ» ይበል ግራ ገብቶታል። አባትየው የደም ናሙና ይዞ ወደ ላቦራቶሪ፣ ማዘዣ ይዞ ወደ ፋርማሲ ይሮጣል፤ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እናቲቱ ልጇን ለመንካት ትፈራለች፤ ጣቷ ከልጁ ክንድ ይወፍራል። በዚህ ጊዜ የሚሰጣት ሥራ ከማንኛውም የማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

የመጀመሪያው ሥራ ወተት ነው። ሕፃኑ መጥባትና መዋጥ ገና አልቻለም፤ ስለዚህ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ጡቷን በእጇ ታልባለች፤ ሌሊትም ጭምር። መጀመሪያ የሚወጣው ጠብታ ነው፤ ጠብታውም ይሰበሰባል። ወተቱ በአፍንጫ ወይም በአፍ በገባ ቀጭን ቱቦ ወደ ሆዱ ይወርዳል፤ የቱቦው ጫፍ መግፊያው በወጣለት ሲሪንጅ ላይ ይሰካል። እዚህ ላይ ፓምፕ የለም፤ ያለው የፈሳሽ ከፍታ ብቻ ነው። እናቲቱ ሲሪንጁን ከፍ ስታደርገው ወተቱ ይፈጥናል፤ ዝቅ ስታደርገው ይዘገያል። ማንም ቀመሩን ሳይነግራት በሁለት ቀን ውስጥ የልጇን ሆድ ፍጥነት በክንዷ ታውቀዋለች። በየዕለቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ጭማሪውን በግራም ትቆጥራለች፤ ክብደቱ መጨመር ከጀመረ በኋላ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም በቀን 15 ግራም ያህል ይጠበቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ አራት ግራም ነው።

ሁለተኛው ዐይን ነው። ሳንባው ያልጠነከረ ሕፃን አየር መንገዱ እንዳይዘጋ የማያቋርጥ መጠነኛ ግፊት ያስፈልገዋል፤ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. አሳትመዋል። ቀላሉ መሣሪያ የመተንፈሻውን ቱቦ ሌላኛውን ጫፍ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ያጠልቀዋል፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ውኃ ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የግፊት መቆጣጠሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ውኃው እየተንተከተከ ከሆነ ግፊቱ አለ፤ መንተክተኩ ካቆመ አንድ ቦታ አየር ያፈስሳል ወይም ቱቦው ወልቋል። ይህን የተነገራት እናት ሌሊቱን ሙሉ ድምፁን ታዳምጣለች፤ ዝም ሲል ነርሷን ትጠራለች። ለብዙ ሕፃናት አንድ ነርስ በተመደበችበት ክፍል ይህ ጆሮ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መገመት አያዳግትም። በእግሩ ላይ የታሰረውና በቀይ ብርሃን የኦክሲጅንን መጠን የሚለካው መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ ስልቱን እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ያቀረበው ታኩኦ አኦያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነበር። የመሣሪያው ጩኸት መጀመሪያ ወላጆችን ያርዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን መንሥኤው የላላ ማሰሪያ ነው። ቁጥሩን ትቶ የልጁን የከንፈር ቀለም ማየት መማር ጥቂት ቀናት ይወስዳል።

ሦስተኛው ደረት ነው። ሕፃኑ ቆብ፣ ካልሲና ሽንት ጨርቅ ብቻ ለብሶ፣ በሁለቱ ጡቶች መካከል ቆሞ እንደሚተኛ ያህል ተደርጎ በጨርቅ ይታሰራል። ልጅን በአንቀልባ ማዘል ለለመዱ አያቶች ፊት ለፊት መታሰሩ ግር ይላቸዋል፤ ምክንያቱ ሲገለጽላቸው ግን ከሁሉ ቀድመው የሚቀበሉት እነርሱ ናቸው። አባትም በደረቱ ማሞቅ ይችላል፤ እናቲቱ በምትተኛበት ሰዓት ደጃፍ ከመቆም ይህ ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ «ሕፃኑ ከጸና በኋላ» የሚደረግ ተብሎ ይታሰብ ነበር። በአዲስ አበባ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ገና ሳይጸኑ የታቀፉትን ከሌሎቹ ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ከታቀፉት የሞቱት ከመቶ 22.5፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት የሞቱት ከመቶ 38 ነበሩ። ትንሽ ጥናት ነበር። ከዚያ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ አምስት ሆስፒታሎች ከ3,000 በላይ ሕፃናት ላይ ያካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ታተመ። ወዲያው እንደ ተወለዱ ከታቀፉት በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ከመቶ 12፣ ሲጸኑ ብቻ ከታቀፉት ደግሞ 15.7 ሆኑ። ልዩነቱ ስለ ጎላ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ባሳየባት በኢትዮጵያ ይህ ልዩነት ቀላል ቁጥር አይደለም።

ነገር ግን ውጤቱን «እናት ካለች ማሽን አያስፈልግም» ብሎ መተርጎም ትልቅ ስሕተት ነው፤ እንዲህ የሚሉ የበጀት ሰዎችም አይጠፉም። በእነዚያ አምስት ሆስፒታሎች የመተንፈሻ ግፊቱም፣ ኦክሲጅኑም፣ መለኪያውም፣ ነርሶቹም ነበሩ። የተጨመረው በጽኑ ሕክምናው ክፍል ውስጥ የእናቲቱ አልጋ ነው። ሕፃናቱ በቀን ወደ 17 ሰዓት የታቀፉት አልጋው ስለነበረ ነው። በእንጨት ወንበር ላይ 17 ሰዓት የሚቀመጥ አራስ ገላ የለም።

ስለዚህ ጉዳዩ ወደ ፕላኑ ይመለሳል። ማዋለጃው በአንድ ፎቅ፣ ሙቀት ክፍሉ በሌላ ፎቅ ከሆነ፣ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ደረጃ መውጣት እስክትችል ልጇን አታይም፤ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ወለል ጎን ለጎን ሊሆኑ ይገባል። በሩ ተሽከርካሪ አልጋ ማሳለፍ አለበት። መታጠቢያው መግቢያው ላይ፣ ውኃውም የማይቋረጥ መሆን አለበት፤ እጅ ሳይታጠቡ መግባት የድሮዎቹን ሐኪሞች ፍርሃት እውነት ያደርገዋልና። ሽንት ቤቱ ከክፍሉ ርቆ በግቢው ማዶ ከሆነ እናቲቱ ሌሊት ልጇን አውርዳ ትሄዳለች። የወተት ማቀዝቀዣው በመጠባበቂያ ጄኔሬተር መሥመር ላይ ይሁን። ድምፅም ሊታሰብበት ይገባል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. በእንዲህ ያለ ክፍል ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል፤ የብረት በር ሲላተም ይህን እንደሚያልፍ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ወጪ መጠየቁ አይካድም። በስቶክሆልም ወላጆች ሌት ተቀን አብረው እንዲያድሩ በተዘጋጁ ክፍሎች የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ግን የሕፃናቱን የሆስፒታል ቆይታ በአምስት ቀን ያህል አሳጥሮ አግኝቶታል፤ የአንድ አልጋ ቀን ስንት እንደሚያስወጣ የሚያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ ቀሪውን ያሰላዋል።

እቅፉ ከሆስፒታል ሲወጣም አይቆምም፤ በቤት ይቀጥላል። እናት ስትደክም አባት፣ አባት ሥራ ሲሄድ አያት ይቀበላል። መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው ሕፃኑ ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ሲደርስ፣ የመወለጃው ቀንም ሲቃረብ ይሞቀዋል፤ እግሩን ይወራጫል፤ እጁን ከጨርቁ ያወጣል፤ ውረዱኝ እያለ ያለቅሳል። ያን ጊዜ ማሰሪያው ይፈታለታል።