የፊልም የዕድሜ ደረጃ ምን ይነግረናል?

የዛሬው ርዕሳችን የፊልም የዕድሜ ደረጃ ነው። የዕድሜ ደረጃ ወጡ በርበሬ እንደበዛበት ይነግራችኋል። የእናንተ ልጅ ይችለው እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ቀድማችሁ ቅመሱት፤ ማለትም ፊልሙን አስቀድማችሁ እዩት።

እስቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን “ኤይትዝ ግሬድ” የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም እንውሰድ። ታሪኩ የአንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ይሁን እንጂ በዕድሜ ደረጃው መሠረት ከ17 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት ገብተው የሚያዩት ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ብቻ ነው። ለምን? ስድብ አለበት፤ ወሲብ ነክ ጉዳይም ይነሳበታል። ለምሳሌ አንድ በዕድሜ የሚበልጣት ልጅ መኪና ውስጥ ልብሷን እንድታወልቅ ይገፋፋታል። እምቢ ትለዋለች። ታዲያ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷው ራሷ ናት! በእኔ እምነት ብዙ ልጃገረዶች ሊያዩት የሚገባው ይህንኑ ትዕይንት ነው፤ ብቻቸውን ግን አይሁን። ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ካያችሁ በኋላ፣ “ለምን ይቅርታ የጠየቀች ይመስልሻል?” በሏት።