ከጠርሙስ የወጣን የሙዝ ችግኝ በቤት ጓሮ ስለ ማላመድ
ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ተክል በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ነገር ነው። ቁመቱ ከጣት ብዙ አይበልጥም። ዋጋው ግን ከጎረቤት ማሳ ተቆፍሮ ከሚመጣው የሙዝ ቡቃያ ይበልጣል፤ ካልተጠነቀቁለትም በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ እንደ ተቀቀለ ጎመን ይሆናል። ይህም ተክል በቤተ ሙከራ ውስጥ ቲሹ ካልቸር በሚባለው ዘዴ የተባዛ የሙዝ ችግኝ ነው። ብዙውን ጊዜ ችግኙ በጣቢያ ተላምዶ፤ በፕላስቲክ ከረጢት አፈር ይዞ ይሰጣችኋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ማኅበራችሁ ከነጠርሙሱ ይረከባል፤ ለመጓጓዝ ይቀላልና፤ ዋጋውም ይቀንሳልና። እንግዲህ ንግግሬ በተለይ ለእነዚህ ነው።

አንድ አባት ባለፈው ስብሰባ ላይ «ልጄ፤ ቡቃያውን ከጎረቤቴ በነጻ ሳገኝ በጠርሙስ ውስጥ ላለው ሣር ለምን ገንዘብ አወጣለሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። «አባባ፤ ከጎረቤትዎ የሚያመጡት ቡቃያ ብቻውን አይመጣም» አልኳቸው። ከአሮጌ ማሳ የተቆፈረ ቡቃያ በኮርሙ ውስጥ የሙዝ ነቀዝን እንቁላልና ትል፤ በሥሩም ውስጥ ኔማቶድ የሚባለውን በዓይን የማይታይ ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የአጠውልግ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በአገራችን በእንሰት ላይ መኖሩ በሳይንስ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፤ በሙዝ ላይ መታየቱ የተገለጸው በ1974 ነው። ቡቃያው ሲቆፈር ጤነኛ መስሎ በሽታውን በውስጡ ሊሸከም ይችላል። በደንብ ከተሠራ ቤተ ሙከራ የወጣ ችግኝ ግን ከአፈር ጋር ስላልተገናኘ ነቀዝም ኔማቶድም የለበትም። እናቱ ተክልም ከበሽታ ነጻ መሆኗ ተመርምሮ ከሆነ ልጆቹ ንጹሕ ናቸው። ከዚህም በላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ አብረው ያድጋሉ፤ በተቀራረበ ጊዜም ያፈራሉ፤ ለገበያ የሚያመርት ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል።

ነገር ግን ንጹሕ መሆንና ጠንካራ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ሳያስተውሉ ብዙ ሰዎች ከስረዋል።

በጠርሙስ ውስጥ ያለው ተክል እንዴት እንደሚኖር እንመልከት። የቆመው በአፈር ላይ ሳይሆን እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ ነው። በዚህ ምግብ ውስጥ ማዕድናትና ቫይታሚኖች አሉ፤ ስኳርም በሊትር ወደ 30 ግራም ገደማ ይጨመርበታል። ስለዚህ ተክሉ ምግቡን በፀሐይ ኃይል ራሱ ሠርቶ መብላትን ገና አልተማረም፤ ተመጋቢ እንጂ ሠራተኛ አይደለም። የጠርሙሱ አየር ሁልጊዜ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ ቅጠሉ ውሃ የሚቆጥብበትን ሰም በሚገባ አልለበሰም። በቅጠሉ ላይ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎችም በደረቅ አየር ጊዜ መዘጋትን አያውቁም። ሥሩ ነጭና ወፍራም ሆኖ ቢታይም ከአፈር ውሃ የሚመጥጡት ጥቃቅን ፀጉሮች ይጎድሉታል። እንዲህ ያለውን ተክል አውጥቶ በቀትር ፀሐይ ላይ ማቆም ገና የተወለደን ሕፃን ወደ እርሻ እንደ መላክ ነው። ቅጠሉ ውሃውን ይለቃል፤ ሥሩ ሊተካ አይችልም፤ ተክሉም ይጠወልጋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ውሃ አነሰው ብሎ ደጋግሞ ያጠጣል፤ ከዚያም ከድርቀት የተረፈው በመበስበስ ይሞታል።

ዝግጅቱ የሚጀመረው ጠርሙሱ ቤት ከመግባቱ በፊት ነው። ሁለት ክፍል ከጫካ ዛፍ ሥር የተጠረገ ጥቁር አፈር፤ አንድ ክፍል የወንዝ አሸዋ፤ አንድ ክፍል ደግሞ ፈጽሞ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅላችሁ በወንፊት ንፉ። አፈሩን ከሙዝ ወይም ከእንሰት ሥር በፍጹም አታምጡ፤ ንጹሕ ችግኝ ገዝቶ በታመመ አፈር መትከል ገንዘብን ወንዝ ውስጥ መጣል ነው። ቀጥሎ አፈሩን በእንፋሎት አብስሉት። አንድ በርሜል ለሁለት ተቆርጦ ከሥሩ ጥቂት ውሃ ይጨመርበታል፤ ከውሃው በላይ ብዙ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ወይም የወንፊት ሽቦ ይደረጋል፤ አፈሩ በዚያ ላይ ሆኖ በርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ እሳት ይነድበታል። መብሰሉን ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልግም፤ አንድ መካከለኛ ድንች ከአፈሩ መካከል ቅበሩ፤ ድንቹ ሲበስል አፈሩም በቅቷል። ድንቹንም ልጆች ይበሉታል። አፈሩን ግን ተሸፍኖ እስኪቀዘቅዝ ሳትጠብቁ አትትከሉበት። ማገዶ በሚቸግርበት ቆላ አገር ደግሞ አፈሩን አርጥቦ፤ በስስ አሰጥቶ፤ በጥርት ያለ ፕላስቲክ አጥብቆ ሸፍኖ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በበጋ ፀሐይ ማቆየት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ዳሱ ይሠራል። ከቤታችሁ አጠገብ፤ ነፋስ በማይመታው፤ ፍየልና ዶሮ በማይደርሱበት ቦታ ሁኖ በሣር ወይም በዘንባባ ቅጠል ይከደን፤ ክዳኑ ከፀሐዩ ከግማሽ በላይ ያስቀር። ከዳሱ ሥር በመደቡ ላይ ልምጭ እንደ ቀስት እያጎበጣችሁ ትከሉ፤ በላዩ ላይ የሚያሳልፍ ነጭ ፕላስቲክ አልብሱ። ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ፕላስቲኩ ግን ቅጠል እንዳይነካ። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ፕላስቲኩ ያለ ጥላ በፀሐይ ላይ እንዳይቆም። ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላልና አንድ ቀትር ሁሉንም ይጨርሰዋል።

ጠርሙሱ እንደ ደረሰ በዚያው ቀን አትክፈቱት። ከነክዳኑ ብርሃን በሚገባበት፤ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማይመታው ክፍል ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆይ፤ የመንገዱ ድካም ይውጣለት። የሻገተ ጠርሙስ ካገኛችሁ ለይታችሁ አስቀምጡና ለልማት ሠራተኛው አሳዩ።

የማውጫው ቀን ሲደርስ ማለዳ ወይም ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ደመና ቢኖር የተሻለ ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በሳፋ ለብ ያለ፤ ፈልቶ የበረደ ውሃ አዘጋጁ። ተክሉን ከጠርሙሱ ቀስ ብላችሁ አውጡና በውሃው ውስጥ የረጋውን ምግብ ከሥሩ ፈጽማችሁ እጠቡ። በዚህ ላይ ችኮላ አይገባም። በሥሩ ላይ የቀረ ትንሽ የስኳር ምግብ ለሻጋታ ድግስ ነው፤ ሻጋታውም ምግቡን ሲጨርስ ሥሩን ይቀጥላል። ተጣብቀው የበቀሉትን እያላቀቃችሁ፤ የጠቆረውን ሥር በንጹሕ ምላጭ ቆርጣችሁ፤ ትልቁን ከትልቁ ትንሹን ከትንሹ ጋር ለዩ፤ ካልሆነ ትልቁ በትንሹ ላይ ጥላ ሆኖ ይቀጭጨዋል። እየሠራችሁ ሳለ ያወጣችሁት በርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይጠብቅ፤ አምስት ደቂቃ በነፋስ መቆየት እንኳ ይጎዳዋል።

አፈሩን አስቀድማችሁ በማጠጣት እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይሁን፤ ጭቃ አይሁን። ከሥሩ በተበሳ ኩባያ ወይም በእንጨት ሣጥን ውስጥ አምስት ሣንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ትከሉ። የተክሉ ልብ፤ ማለት አዲሱ ቅጠል የሚወጣበት ቦታ፤ በአፈር አይቀበር። በጣት በቀስታ ካጸናችሁት በኋላ ውሃ በስሱ ረጭታችሁ ወዲያው በፕላስቲኩ ሥር አግቡት።

አሁን ዋናው ፈተና መጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሞትና የሕይወት ጊዜ ናቸው። እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ፕላስቲኩን ለማየትና ለመርጨት ካልሆነ በቀር አትክፈቱት። በፕላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ ጠል ከታየ እርጥበቱ በቂ ነውና አፈሩን አታጠጡ፤ ጠሉ ከጠፋ ብቻ ቅጠሉ ላይ በስሱ ርጩ። ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ የፕላስቲኩን ሁለት ጫፎች ለግማሽ ሰዓት፤ በማግሥቱ ለአንድ ሰዓት፤ እንዲህ እያላችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። በአሥረኛው ቀን ገደማ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ ያድር፤ በቀትር ግን ይዘጋ። በሦስተኛው ሳምንት ደመና ያለበትን ቀን መርጣችሁ ፈጽማችሁ አንሡት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቅጠሉ ቢልፈሰፈስና ማታ ቢቀና አትጨነቁ፤ ማታም ካልቀና መልሳችሁ ሁለት ሦስት ቀን ሸፍኑት። ተክሉን ተመልከቱ እንጂ ቀን ብቻ አትቁጠሩ፤ የአርባ ምንጭ ሙቀትና የደጋማው አገር ቅዝቃዜ እኩል አይደሉም።

ከጠርሙስ ይዞት የመጣው ቅጠል ቢገረጣና ቢደርቅ ብዙ ሰው ተክሉ ሞተ ብሎ ይጥለዋል። ይህ ስሕተት ነው። አሮጌው ቅጠል የጠርሙስ ልጅ ስለሆነ መልመድ አይችልም። መልመድን የሚያሳየው ከመሐል ተጠቅልሎ የሚወጣው አዲሱ ቅጠል ነው። እርሱ ከወጣና አረንጓዴው ከጠነከረ ተክሉ በራሱ መብላት ጀምሯል ማለት ነው። ማዳበሪያ የሚታሰበው ከዚህ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፤ ያውም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ዩሪያ ብቻ ሟምቶ በሳምንት አንድ ጊዜ። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮና ሟሙቶ የሚወድቅ ካያችሁ ውሃ በዝቷል፤ የታመመውን ከነአፈሩ አውጡ፤ ውሃ ቀንሱ፤ አየር ጨምሩ።

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ወደ ትልልቅ የችግኝ ከረጢት ይዛወራል። በዚያም ጥላውን በየሳምንቱ ማሳሳት ነው፤ ከክዳኑ ሣር በየጊዜው እየመዘዛችሁ ጣሉ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሙሉ ፀሐይ ይልመድ። በዚህ ወቅት ከጓደኞቹ እጅግ ያነሰውን፤ ቅጠሉ የጠበበውን ወይም ዥንጉርጉር የሆነውን ያለ ርኅራኄ ለይታችሁ አስወግዱ። በብዜት ጊዜ ከእናታቸው የሚለወጡ ችግኞች አንዳንድ ጊዜ ይገኛሉ፤ እነዚህ ማሳ ቢገቡም ጥሩ ፍሬ አይሰጡም።

ወደ ማሳ የሚወጣው ቁመቱ ከ25 እስከ 30 ሣንቲ ሜትር፤ ጤነኛ ቅጠሉም አምስት ስድስት ሲሆን ነው። ከጠርሙስ እስከዚያ ሦስት ወር ያህል ይወስዳልና የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ዝናቡ በሚያዝያ በሚበረታበት የደቡብ አገር ጠርሙሱን በጥር መረከብ ነው፤ በሰኔ በሚተከልበት አገር ደግሞ በመጋቢት። በሰኔ ጠርሙስ ተረክቦ በመስከረም መትከል ችግኙን ለበጋ አሳልፎ መስጠት ነው፤ መስኖ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጉድጓዱ በየአቅጣጫው 60 ሣንቲ ሜትር ሆኖ ሁለት ባልዲ የበሰለ ፍግ ከላይኛው አፈር ጋር ተቀላቅሎ ይግባበት። ከረጢቱን ቀዳችሁ፤ አፈሩን ሳትበትኑ፤ ከመሬቱ ገጽ ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ ትከሉ። ቡቃያ ተክላችሁ የለመዳችሁ አንድ ነገር አስታውሱ፤ ቡቃያ በኮርሙ ውስጥ ስንቅ ይዞ ይመጣል፤ ይህ ችግኝ ግን ስንቅ የለውም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ወራት አረምና ጥማት ከቡቃያ ይልቅ ይጎዱታል። ሥሩን በደረቅ ሣር አልብሱት፤ ሣሩ ግንዱን አይንካ።

አንዳንድ ሻጮች «ይህን በሽታ አይነካውም» ይላሉ። ሐሰት ነው። ችግኙ ከበሽታ ነጻ ሆኖ መጣ እንጂ በሽታን የሚቋቋም ሆኖ አልመጣም። የታመመ እንሰት የተቆረጠበት ቢላዋ ሳይጸዳ ቢነካው እንደ ማንኛውም ሙዝ ይጠወልጋል። የአጠውልግ ምልክቱ ቅጠሉ እየቢጫ መታጠፉ፤ ፍሬው ያለ ጊዜው መብሰሉ፤ ግንዱ ሲቆረጥም ቢጫማ ፈሳሽ ማዠቱ ነው። ስለዚህ ቢላዋውን ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ስትሻገሩ በእሳት ነበልባል አሳልፉት። ከዘለላው ጫፍ የሚንጠለጠለውን ወንዴ አበባ ነፍሳት በሽታውን የሚያስገቡበት በር ስለሆነ፤ የመጨረሻው የፍሬ መዳፍ እንደ ወጣ በቢላዋ ሳይሆን በባላ እንጨት ጠምዝዛችሁ ስበሩት።