ስትሮጡ ካዝናውን ማን እንደያዘ ጠይቁ

 

ዛሬ ስለ ሩጫ ነው የማወራው። «ለእኛ ደግሞ ስለ ሩጫ ማን ሊነግረን?» እንዳትሉኝ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው 42 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሁለት ሰዓት ከ15 ደቂቃ ጨረሰው። እኔ የማወራላችሁ ሩጫ የሚቆጠረው በሰዓት ሳይሆን በሳምንት ነው። ጠዋት ተነስቶ መሮጥ፣ ማታ መተኛት፣ ነገም እንደገና፣ ከነገ ወዲያም እንደገና። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር።

እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1928፣ ሎስ አንጀለስ። 199 ሰዎች ለሩጫ ተሰለፉ። መድረሻው ኒው ዮርክ ነው! ከአሜሪካ ምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ፣ 3,423 ማይል፣ በእኛ 5,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው አይደል? እነሱ ያንን በየሁለት ቀኑ ይጨርሱት ነበር፤ ለ84 ቀናት። አዘጋጁ ሲ. ሲ. ፓይል የሚባል የስፖርት ነጋዴ ነበር፤ ታዋቂ ስፖርተኞችን ይዞ ገንዘብ የሚሠራ ሰው። ለአንደኛ 25,000 ዶላር፣ ለሁለተኛ 10,000፣ ለሦስተኛ 5,000 አለ። ያኔ 25,000 ዶላር ማለት የአንድን ቤተሰብ ሕይወት የሚቀይር ገንዘብ ነው።

ከተሰለፉት አንዱ አንዲ ፔይን ነው። ከኦክላሆማ ገጠር የመጣ፣ የቼሮኪ ዘር ያለበት፣ የ20 ዓመት የገበሬ ልጅ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ሥራ ፍለጋ ካሊፎርኒያ ወረደ። ሥራ የለም። የአባቱ እርሻ ደግሞ በዕዳ ተይዟል። ታሪኩ እናንተን የማይመስል ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።

አሁን ሩጫው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው «ጎበዝ ሯጭ ያሸንፋል» ብሎ ነው የሚያስበው። መንገዱ በአብዛኛው ሩት 66 የሚባለው ነው፤ ያኔ ገና ሁለት ዓመቱ ስለነበር ብዙው ክፍል አስፋልት አያውቅም። አቧራ፣ ጠጠር፣ ሲዘንብ ጭቃ። ከሎስ አንጀለስ እንደወጡ የሞሃቬ በረሃ ተቀበላቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው በጅምላ ነው የወደቀው፤ ውሃ የቋጠረ እግር፣ ያበጠ ቅልጥም፣ የዞረበት ራስ። የየቀኑ ሰዓት ይያዝና በቀደመው ላይ ይደመራል፤ በመጨረሻ ድምሩ ያነሰው ያሸንፋል። ስለዚህ ዛሬ አንደኛ መውጣት ብቻውን ዋጋ የለውም። ዛሬ አንደኛ ወጥተህ ነገ ጅማትህ ከተበጠሰ፣ በቃ፣ ትናንት የሮጥከው ሁሉ ዜሮ ነው።

ይሄ በወሬ ብቻ አይደለም። አርተር ኒውተን የሚባል በዘመኑ በረጅም ርቀት ወደር ያልነበረው ሯጭ ገና አሪዞና ሳይወጡ ሁሉንም በሰዓታት ጥሏቸው ነበር። እግሩን ታመመና ወጣ። ከሱ ቀጥሎ የመራው እንግሊዛዊው ፒተር ጋቩዚ ነው። እሱን የጣለው እግሩ እንዳይመስላችሁ፤ ጥርሱ ነው! ጥርሱ መግል ይዞ ማኘክ አቃተው። በቀን 65 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ካልበላ ምን ይሆናል? ፈሳሽ እየጠጣ ገፋ፣ ገፋ፣ ኦሃዮ ሲደርስ መሪ እንደሆነ ውድድሩን ተወ። ከ5,500 ኪሎ ሜትር አብዛኛውን ከጨረሰ በኋላ ማለት ነው።

ፔይንስ? መንገድ ላይ ቶንሲል አሞት ነበር። መሮጥ ሲያቅተው ተራመደ። የጠቅላላ ጉዞው አማካይ ፍጥነት ስታሰሉት በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ያንሳል። ጠዋት እንጦጦ የሚሮጡት ልጆቻችን እኮ ለማፍታቻ ነው በዚህ ፍጥነት የሚሄዱት። ግን ይህን ፍጥነት 84 ቀን ያዘው። ሰውነት እንዲህ ባለ ሩጫ መጀመሪያ ይሰበራል፤ ያልተሰበረው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ይለምዳል፣ ይጠነክራል። ለዚህ ነው ወደ መጨረሻው ላይ ፓይል የቀን ርቀቱን ሲያስረዝምባቸው፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጡበት ቀን ሲመጣ፣ የቀሩት የቆሙት።

አንድ ሰው ሳልጠቅስ አላልፍም። ኤዲ ጋርድነር፣ ከሲያትል የመጣ ጥቁር ሯጭ። ቴክሳስና ኦክላሆማ ሲደርስ ከሌላው ሯጭ ጋር አንድ ቦታ ማደር ተከለከለ፤ ነጭ ከቀደምክ እንገድልሃለን ተባለ። ሌላው የሚታገለው ከርቀቱ ጋር ነው፤ እሱ ግን መቼ ፈጥኖ መቼ ቀስ ማለት እንዳለበት በዛቻ እየተለካ ነበር የሚሮጠው። እንዲያም ሆኖ ስምንተኛ ወጣ። ከዛቻው ነፃ ቢሆን ስንተኛ እንደሚወጣ እናንተው ገምቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ሯጮቹ የሚያድሩት በድንኳን ነው። ምግቡ ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ሄደ፤ አጉረመረሙ። ፓይል ራሱስ? «አሜሪካ» የሚል ስም ያወጣላት፣ አልጋና ምቾት የተሟላላት አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ከጎናቸው ይጓዛል። የሚያልፉባቸው ከተሞች እንዲከፍሉት ነበር ሐሳቡ፤ ብዙዎቹ አንከፍልም አሉት። የእሱ ሒሳብ ሲጠብ የሯጩ ሳህን ጠበበ።

ኒው ዮርክ የደረሱት 55 ናቸው። አንዲ ፔይን በ573 ሰዓት አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛውን 15 ሰዓት ቀደመው። የተዘጋጀው አዳራሽ አብዛኛው ወንበር ባዶ ነበር። ሽልማቱ እስከ አሥረኛ ነው፤ 45ቱ አገር አቋርጠው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ፔይን ግን ገንዘቡን ተቀበለ፣ የአባቱን እርሻ ከዕዳ አወጣ። በኋላ የኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆኖ ተመረጠ፤ በዚያ ወንበር ላይ ከ30 ዓመት በላይ እየተመረጠ ቆየ። የእሱስ ጥሩ ሆነ።

እኔ ከተመረቅሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። «ታገሱ» የማይለን የለም። ቤተሰብ ታገሱ ይለናል፣ ስብሰባ ላይ የሚናገረው ሁሉ ታገሱ ይለናል። ትዕግሥትን አልንቅም፤ የፔይን ድል እኮ ትዕግሥት ነው። ግን ፔይን ሲታገስ መድረሻው የት እንደሆነ ያውቅ ነበር። በየቀኑ ማታ ሰዓቱ ተጽፎ ስንተኛ እንደሆነ ይነገረው ነበር። እኛንስ? አንድ መሥሪያ ቤት እኔንና ሦስት ጓደኞቼን «ልምምድ ነው፣ ከዚያ ትቀጠራላችሁ» ብሎ አራት ወር በነፃ አሠራን። በአምስተኛው ወር በእኛ ቦታ ሌሎች አራት ተመራቂዎች «ልምምድ» ጀመሩ። ይሄ ጽናት የሚፈተንበት ሩጫ አይደለም። መድረሻው ላይ ማንም የማይጠብቅበት መንገድ ነው።

ያለ ገንዘብም የሚሮጥ አለ፤ እሱን ከዚህ ጋር አታምታቱብኝ። እዚያው ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ ከ1997 ጀምሮ የሚካሄድ የ3,100 ማይል ውድድር አለ። አንድ ሰፈር ዙሪያ፣ 883 ሜትር የሆነ የእግረኛ መንገድ፣ 5,649 ጊዜ መዞር! በ52 ቀን ውስጥ ለመጨረስ በየቀኑ 96 ኪሎ ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት። የጀመረው ሽሪ ቺንሞይ የሚባል መንፈሳዊ መምህር ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከራሱ ጋር ሊገናኝ ነው የሚሄደው፤ ገንዘብ እንደሌለው ከመጀመሪያው ያውቃል። ማንም አላታለለውም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ስለ ሁለተኛው ሰው፣ ስለ ጆኒ ሳሎ ነግሬያችሁ ላብቃ። የፊንላንድ ተወላጅ ነው፣ የሚኖረው ፓሴይክ በምትባል የኒው ጀርሲ ከተማ። በ1928ቱ ውድድር ሮጦ ከተማው ሲገባ ሕዝቡ ደስ ብሎት እዚያው ፖሊስ አድርጎ ቀጠረው። (ሥራ በሩጫ ተገኘ! ሲቪ አልተጠየቀም።) በሚቀጥለው ዓመት ፓይል ውድድሩን በተቃራኒው፣ ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ አዘጋጀው። ሳሎም ገባ፣ ያ ጥርሱን የታመመው ጋቩዚም ገባ። 78 ቀን ተናነቁ። መጨረሻ ላይ፣ ከ525 ሰዓት በላይ ሩጫ በኋላ፣ ሳሎ በ2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ብቻ አሸነፈ። የፓይል ካዝና ግን ባዶ ነበር። አንደኛውም ሁለተኛውም የተሰጣቸው ቃል ነው።

ሳሎ ወደ ፓሴይክ ተመለሰና የፖሊስ ልብሱን ለበሰ። በ1931 አንድ የቤዝቦል ጨዋታ ላይ ሕዝብ ሲያስከብር ኳስ ጭንቅላቱን መትታው ሞተ። 25,000 ዶላሩ እስኪሞት ድረስ አልተከፈለውም።

 ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።