መልካም መዓዛ በሸክላ ዕቃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት ዕለታት በቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። በነዚህ ዕለታት ሊቃውንቱ አባ ጽጌ ብርሃን በደረሰው ድርሰት እመቤታችንንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰሉ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌት ይቆማሉ። ስለ አበባ በሚዘመርበት በዚህ ወራት እኔም ስለ ጽጌ ረዳ ሽቱና ሽቱውን ስለሚቀባው ሰው ጠባይ ጥቂት ልናገር ወደድሁ።

የሽቱ ነጋዴዎች የሰው ጠባይ በሚመርጠው ሽቱ ይታወቃል ይላሉ። ጽጌ ረዳ የምትመርጥ ሴት ልበ ገር፥ ርኅሩኅና ጨዋ ናት እያሉ ያመሰግኗታል። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ርኅራኄ በየሱቁ በጠርሙስ በተገዛ ነበር።

ይህን ስል ሽቱውን መንቀፌ አይደለም። በቡልጋርያ በካዛንላክ፥ በቱርክም በኢስፓርታ ያሉ ገበሬዎች የጽጌ ረዳውን አበባ ማለዳ፥ ፀሐይ ሳይበረታበት ይለቅማሉ። ከውኃ ጋር ቀቅለው፥ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው፥ አረቄ እንደሚወጣ አድርገው ዘይቱን ያወጡታል። አንድ ኪሎ ዘይት ለማግኘትም ከ3000 እስከ 4000 ኪሎ የሚደርስ አበባ ያስፈልጋል። ይህን መዓዛ በአበባ ውስጥ ያኖረ ፈጣሪ ነውና ሽቱ መቀባት በራሱ ኃጢአት አይደለም።

በአገራችን ደግሞ በዝዋይ፥ በሆለታና በሰበታ አካባቢ በላስቲክ ቤት እየለማ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ጽጌ ረዳ አለ። መልኩ ያማረ፥ ለብዙ ቀንም የማይጠወልግ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ወደ አፍንጫችሁ ብታስጠጉት ሽታው እጅግ ጥቂት ነው። ዘሩን ያዳቀሉት ሰዎች መልኩንና ዕድሜውን ሲሹ መዓዛው ቀርቶበታል። እኛም መልካችንን ብቻ ስናሳምር መዓዛ እንዳይቀርብን ልንፈራ ይገባናል።

ከእንጦጦ ተራራ ሥር፥ በጉለሌ፥ ቀጨኔ የሚባል ሠፈር አለ። የቀጨኔ ሰዎች በሽመናና በሸክላ ሥራ የታወቁ ናቸው። ቡና የምናፈላበት ጀበና፥ ወጥ የምንሠራበት ድስት፥ በየቤታችን ዕጣን የምናጤስበት ማጨሻ ከነዚህ እናቶች እጅ የወጣ ብዙ ነው። ሸክላ የሚበስለው በእሳት ነውና ሠሪዋ ጢስ ጢስ መሽተቷ አይቀርም። የእጃቸው ሥራ እየተፈለገ እነርሱ ግን ቡዳ እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ የልብን ንቀት ግን አዋጅ ብቻውን አላጠፋውም። ይህንም ከራሴ አውቄዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የንስሐ ልጄ የሆኑ አንዲት አረጋዊት በዚያው ሠፈር ታመው ተኝተው ነበርና ጸሎት ላደርስላቸው ሄድሁ። ዓይናቸው ፈዝዞ ሰው መለየት ተስኗቸው ነበር። ተቀምጠን ሳለን ከከተማው ከሌላው ወገን የእኅታቸው ልጅ መጣች። ቤቱ በጽጌ ረዳ ሽቱ ተመላ፤ ሁላችንም ተነሥተን መቀመጫ ለቀቅንላት። አረጋዊቷ ግን መዓዛውን አሽትተው፥ «ይህች ማን ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሸክላ ሠሪ ጎረቤት አጥሚት ይዛ ገባች። ሸክላዋን ከምትተኩስበት እሳት ተነሥታ መምጣቷ ነበርና ልብሷ በጢስ የታጠነ፥ እጇም ጭቃ የነካው ነበር። እንግዳዪቱ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። እኔም ካህኑ፥ እውነቱን ልናዘዝና፥ እንዳትነካኝ የካባዬን ጫፍ ሰበሰብሁ። በዚያን ጊዜ አረጋዊቷ ድምፅዋን ሳይሰሙ ፊታቸው በራና፥ «መጣሽ ልጄ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አራት ወር ሙሉ ያጠበቻቸው፥ ያጎረሰቻቸው፥ ሌሊት ከጎን ወደ ጎን ያገላበጠቻቸው ይህች ሴት ነበረች። ያን ጢስ ሲያሸቱ ብቻቸውን እንዳልተጣሉ ያውቁ ነበር።

የእኅታቸው ልጅ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ገንዘብ ሳታቋርጥ ትልክላቸው ነበር። ነገር ግን የገዛ አክስቷ እንዳላወቋት ባየች ጊዜ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች፤ አጥሚቱንም ከጎረቤቲቱ እጅ ተቀብላ ታጠጣቸው ጀመር። እኔም መስቀሌን ይዤ ወደ በሩ ሄድሁ። ሸክላ ሠሪዋ ለመሳለም ከገባች ጀምሮ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ በቢታንያ የሆነውን አስቡ። ማርያም ሦስት መቶ ዲናር የሚያወጣውን የናርዶስ ሽቱ ይዛ ስትገባ ለራሷ አልተቀባችም፤ በጌታ እግር ላይ አፈሰሰችው፥ በጠጕሯም አበሰችው። ያን ጊዜ ቤቱ በመዓዛው ተመላ። ይሁዳም በዚያው ቤት ያንኑ መዓዛ አሽትቷል፤ ልቡን ግን አልለወጠውም። መዓዛ አፍንጫን ደስ ሊያሰኝ ይችላል፤ ጠባይን የሚለውጥ ግን ፍቅር ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 2 ምእመናንን የክርስቶስ መዓዛ ይላቸዋል፤ በዚያው መልእክት በምዕራፍ 4 ደግሞ የጸጋው መዝገብ በሸክላ ዕቃ እንዳለ ይናገራል። እንግዲህ መዓዛውና ሸክላው በአንድ መልእክት ተገናኝተዋል። ዕጣኑን ወድዶ ማጨሻውን፥ ማጨሻውንም ወድዶ የሠራችውን እጅ የሚጸየፍ ሰው መልእክቱን ገና አላነበበም።

ስለዚህ ሽቱ ያለው ይቀባ፤ ነገር ግን ተቀብቶ ወደ ማን እንደሚቀርብ ልቡን ይጠይቅ። ዓይኑ የፈዘዘ ዘመድ፥ አልጋ የያዘ ጎረቤት በየሠፈራችን አለ። ወደ እርሱ ደጋግመን እንግባ፥ እጃችንም ከእርሱ የተነሣ ይቆሽሽ፤ ያን ጊዜ በመዓዛችን ያውቀናል። ከሁሉ አስቀድሞ እኔን ካህኑን፥ ቀጥሎም ሁላችንን፥ ወንድማችንን የማንጸየፍበትን ልብ አምላካችን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።