በኮምፒዩተር የተሣለ ፊት ሕያው የሚመስለው በምን ምክንያት ነው?



ዛሬ ስለ ፊት ሥዕል እንናገራለን። ሥዕል ስንል በብሩሽ የሚሣለውን ሳይሆን በኮምፒዩተር ስሌት የሚሠራውን ነው።

አፍንጫውና ከንፈሩ በልክ ተሠርቶ ሳለ ፊቱ ሰም የሚመስልበት ጊዜ አለ። ይኸውም ስሌቱ ብርሃን ከቆዳ ላይ ነጥሮ ብቻ እንደሚመለስ ሲቆጥረው ነው። ማታ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ በጣቶቻችሁ ብትጋርዱት ጣቶቻችሁ ቀይ ሆነው ይታያሉ፤ ብርሃኑ ሥጋ ውስጥ ገብቶ፣ ተበትኖ ይወጣልና። ከቀለማትም ርቆ የሚሄደው ቀዩ ነው። ሄንሪክ ዋን የንሰንና ሦስት ባልደረቦቹ ይህን በቀላሉ የሚያሰላ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2001 አሳተሙ፤ ዕብነ በረድም፣ ወተትም፣ የሰው ቆዳም በዚሁ ዘዴ ይሣላሉ።

እዚህ ላይ ግን ቅሬታ አለን። በጠቆረ ቆዳ ሜላኒን የተባለው ቀለም ብርሃኑን ስለሚውጠው ከውስጥ የሚመለሰው ያንሳል፤ የላይኛው ወዝ ግን ጎልቶ ያበራል። የእናቶቻችንን ግንባር በፀሐይ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። በየል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ቴዎዶር ኪም እ.ኤ.አ. በ2020 እንደ ጻፉት፣ የሙያው ሰዎች የነጭን ቆዳ ጠባይ የሰው ልጅ ሁሉ መለኪያ አድርገውት ኖረዋል። እኛ ብንጠየቅ ኖሮ በወዙ ጀምሩ ባልን!

ዓይን እንኳ ነገሩ አጭር ነው፤ እርጥበት ከሌለው፣ የመስኮቱም ብርሃን ካልታየበት የሞተ ይመስላል።

አሁን ደግሞ ኮምፒዩተሩ ራሱ ከብዙ ፎቶግራፍ ተምሮ ያልተወለደ ሰው ፊት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ አንድ ጥናት ተመልካቾች ይህን ከእውነተኛው ፊት መለየት አቃታቸው፤ እንዲያውም ሐሰተኛውን በጥቂቱ አብልጠው አመኑት።