ትልቁ ፋን ለምን አይጮኽም?

የዛሬው ቃላችን «ፋን» ነው። ኮምፒውተር ውስጥ የሚሽከረከረው፣ ጌም ሲከፈት እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮኸው ፋን።

እስቲ የቡና ከሰል ስናቀጣጥል እናስብ። ሰፊ ማርገብገቢያ ከያዝን ቀስ እያልን ብናወዛውዘው እንኳ ፍሙ ቦግ ይላል። ማርገብገቢያው ጠፍቶ ቁራጭ ካርቶን ብንይዝስ? እጃችን እስኪዝል ቶሎ ቶሎ ማራገብ ነው። ፋንም እንደዚያው ነው። ትንሽ ፋን ያንኑ ያህል አየር ለመግፋት መፍጠን አለበት፤ ሲፈጥን ደግሞ ይጮኻል። ትልቁ ፋን ግን ዝግ ብሎ ያንኑ ይሠራል።

ታዲያ ትንሽዬ የጌም ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው ምን ያድርግ? ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው ሰሌዳ፣ አያስቸግርም፤ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው 17 በ17 ሴንቲሜትር ነው። ኬዙን፣ ማለትም ሳጥኑን፣ ሲመርጥ ግን 120 ሚሊሜትር ፋን መያዙን ይጠይቅ። ጎኑ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በመስታወት የታፈነውማ ያምራል፤ እኔ ግን አልገዛውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጌም ስንጫወት አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚሞቀው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የሚቆጥበውን ምረጡ፤ ፋኑም ያርፋል። ደግሞ ካርዱን ለመግዛት ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የኬዙን ውስጥ በሜትር ለኩ። ካርዱ በጣት ስፋት ረዝሞ ክዳኑ አልገጥም ሲል ማየት ያናድዳል!

በሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ፓወር ሰፕላይ እናወራለን።